መጣሁ

ሐሙስ ነው፤ የሂርማታ ገበያ ሲሞላ፣
ከአዌቱ ድልድይ ወዲህ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
ለሁለት ሽማግሌ አንድ መነጽር ነበር፣
እጀታው ተሰብሮ የታሰረ በክር።

አንዱ በረሁን ነው፣ ከጎንደር የመጣ፣
የስፌት መኪና ከዝገት የሚያወጣ፣
አንቱ እንዳልለው ራሱ የከለከለኝ።
እኔ የልብስ ሰፊው የአባ መጫ ልጅ ነኝ፣
ዘይት የማቀብል፣ «ዝም በይ» የሚሉኝ።
ሌላው መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው፣
በኩራዝ የቆጠሩት ቅኔ ዓይን የነሳቸው።

አንዱ ሲያነብ ሌላው በጆሮው ያምናል፣
መነጽሩ እስኪደርሰው ተራ ይጠብቃል።

«ምዕራፍ ሰባት» ይላሉ መሪጌታ፣ ጣት ተክለው፣
«ድንግል ነው የሚለው፤ ሌላ ምን ልትል ነው?»
በረሁን ይስቃል፣ መፍቻውን ያስቀምጣል፤
«በግዕዝማ የኛም ቄስ ይህንኑ ይደግማል።
ግን ወንዝ ምንጭ አለው፤ ዕብራይስጡን ያዩ
ወጣት ሴት ነው ይላሉ፣ ቃሉን እየለዩ።
ምልክቱም ለንጉሥ ነው፣ ጠላት ለከበበው፤
ሰባት መቶ ዓመት ቆይቶ ምን ሊጠቅመው?»

«አንድም!» ይላሉ እሳቸው፣ ጣት ወደ ላይ ወጥታ፣
«አንድም ለዚያ ንጉሥ፣ አንድም ለኛ ጌታ።
ትንቢት እንደ ቅኔ ነው፤ ሰሙ ለጊዜው፣
ወርቁ ግን ከሥር ነው፣ ሲቀልጥ የምታየው።»
«እኔ አንጥረኛ ነኝ፣ ሰም ማፍሰስ አውቃለሁ፤
ቅርጹን የሰጠው ሰም፣ እንዴት እጥለዋለሁ?»

(ስለ እሷ ነበር ሁሉ፤ ስለዚያች ስለ ልጅቷ።
ስሟን ግን አንዳቸውም አልጠየቁም።
እኔ ዘይት ይዤ ቆሜ ነበር።)

አንድ ቀን፣ በጅማ በርጩማ ላይ ሆነው፣
«እይ» አሉ፣ «ሦስት እግር! ምሥጢሩ ይኸው ነው።»
«መቀመጫው ግን አንድ» አለ በረሁን።
«ታዲያ ምን አልኩ እኔ?» — ሳቅ ሞላው ሱቁን።

ደግሞ ያ ስቁይ ባሪያ፣ አፉን ያልከፈተ፤
አንዱ አንድ ሰው ይለዋል፣ በእንጨት ላይ የሞተ።
አንዱ ሕዝብ ነው ይላል።
«አያቴን አውቀዋለሁ» አለ በረሁን፤
«ማረሻቸውን ሠርቶ መሬት ነፈጉት፤
ሌሊት ጅብ ይሆናል አሉት፤
ዝም አለ።»
እዚህ ላይ መሪጌታ «አንድም» አላሉም።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ቆየ።

በሰማንያ ሦስት፣ ሬዲዮ በሚያስፈራበት፣
ከክርክሩ መሐል፣ ቃል ጫፍ በደረሰበት፣
በረሁን ተነሣ፣ ሰው የጠራው መስሎት፣
መነጽሩን በተከፈተው ገጽ ላይ ትቶት፣
«መጣሁ» አለ።

ወጣ።

ከወር በኋላ ሰዉ «አውሮፕላን ወሰደው፣
ኢየሩሳሌም ገባ» አለ። ማን አየው?
መሪጌታ ግን ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ፣
ለሁለት በርጩማ ቦታ ይጠርጋሉ።
መነጽሩ አሁን የብቻቸው ነው፤
ገጽ ግን አይገልጡም።
«የት ሄደ?» ሲሏቸው፣ «መጣሁ ብሎ ወጥቷል።»
«ዓመት ሆነ እኮ!» ሲሏቸው፣ «መጣሁ ብሏል።»

እኛ ቤት አባቴ፣ ከመግሪብ በኋላ፣
ዒሳ ይመለሳል ይለናል፤
ሚናሬውንም እያየ ይናገራል።
ከተማው በሙሉ ደጅ ደጁን ያያል።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አፌ አላረፈም፦
«መሪጌታ፣ መጣሁ ማለት
መጥቻለሁ ነው? እመጣለሁ ነው?
ግሡ አልፏል፤ ሰውየው የለም።»

ጣታቸው ተነሣች።
«አንድም…» አሉ።
ሁለተኛው አልመጣላቸውም።

መነጽሩን አውልቀው በነጠላ ጫፍ ጠረጉ፤
ጣሪያው ያፈስ ነበር፤
ባዶውን በርጩማ ከጠብታው ፈቀቅ አደረጉ።